የስምንተኛው ክፍል ተመልካች

ሟቿ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ፣ ብርድ ልብሷን እስከ ደረቷ ስባ፣ ፊቷን ወደ ቴሌቪዥኑ አዙራ ነበር። ቴሌቪዥኑ «ተከታታዩን ጨርሰዋል። እንዴት አገኙት?» እያለ ይጠይቃታል። ከፖሊሶቹ አንዱ ሊያጠፋው እጁን ሲዘረጋ መርማሪዋ ክንዱን ያዘችው።

«አትንካው። እዚህ ቤት ውስጥ እስካሁን ያልዋሸው እሱ ብቻ ነው።»

ሟቿን አድማጮቿ «ሚዛን» ይሏታል። እሁድ እሁድ በሬዲዮ የትኛው ተከታታይ ድራማ ቀኑን ሙሉ ቢታይ እንደማያስቆጭ፣ የትኛው ደግሞ ከሁለተኛው ክፍል በኋላ መተው እንዳለበት ትናገራለች። ብዙ ሰው ቅዳሜውን የሚሰጠው እሷ ላለችው ድራማ ነው። የዛሬው «የጨው ቤት» ይባላል፤ ስምንቱም ክፍል ለሕዝብ የተለቀቀው በዚያው ዕለት ጠዋት ነው። ሚዛን ግን የራሷ ቅጂ ነበራት። አዘጋጆቹ ለእሷ ብቻ፣ ስሟን ከሥሩ ጽፈው፣ ከሁለት ሳምንት በፊት ልከውላታል። እሷ ደግሞ «አድማጮቼ ሲጀምሩ እጀምራለሁ» ብላ እስከ ዛሬ ጠዋት ሳትነካው ቆይታለች።

የአስከሬን ሐኪሙ የሶፋውን ትራስ ገልብጦ ለመርማሪዋ አሳያት። በስተሥሩ የከንፈር ቀለም ታትሞበታል።

«ልብ ነው ልል ነበር። አፍነዋታል» አለ።

«መቼ?»

«ስምንት ሰዓት ተኩል ግድም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሕይወት አልነበረችም፤ በዚህ ላይ እምላለሁ።»

መርማሪዋ ሪሞቱን በጓንቷ አንስታ የሚዛንን ቅጂ የእይታ መዝገብ ከፈተች። ሰባተኛው ክፍል ያለቀው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ስምንተኛው ለመጀመሪያ ጊዜ የተከፈተው ዘጠኝ ሰዓት ከሁለት ላይ። ዘጠኝ ተኩል ላይ ለአራት ደቂቃ ቆሟል፤ ከዚያ እንደገና ቀጥሎ አስር ሰዓት ከአምስት ላይ አልቋል።

ሐኪሙ አንገቱን አከከ። «ሬሳ ሪሞት አይጫንም።»

«ስለዚህ አንድ ሰው ከሬሳው ጋር አንድ ሰዓት ሙሉ ድራማ አይቷል።»

የሶፋው ሌላኛው ጫፍ ሰው እንደተቀመጠበት ጎድጉዷል። ወጥ ቤት ውስጥ የሁለት ቀን ዕቃ ሳይታጠብ ተቆልሏል፤ ከክምሩ ጎን አንድ ብርጭቆ ብቻ ታጥቦ ተደፍቷል። ጠረጴዛው ላይ የነበረው የሚዛን ማስታወሻ ደብተር የመጨረሻ ገጹ ተቀዷል። በሩ አልተሰበረም።

አለቃዋ ስልክ ላይ ቸኩሎ ነበር። «ቁልፍ ያላት ታናሽ እህቷ ናት። ሬሳውን አገኘሁ ያለችውም እሷ። በዚያ ላይ ተኳርፈዋል። ሰኞ ጠዋት ፍርድ ቤት ትቀርባለች።»

«የሁለት ዓመት ልጅ አላት።»

«እና? ልጅ ያለው ሰው አይገድልም? ሌላ ሰው ካለሽ እስከ ነገ አምጪ።»

*

ታናሽ እህትየው የድራማ የትርጉም ጽሑፍ ነው ሥራዋ፤ ሌላው የሚያወራውን ከሥር በኩል ትጽፋለች። ፖሊስ ጣቢያው ወንበር ላይ ሆና እንኳ ዓይኗ ከሰዓቱ አልተነሳም።

«ልጄን ጎረቤት ጋ ለአንድ ሰዓት ብዬ ነው የተውኳት። ሰኞ ከታሰርኩ ማን ይወስዳታል? ከእትዬ ሌላ ማንም አልነበረኝም።»

«ለምን ተኮራረፋችሁ?»

«‹የትርጉም ጽሑፉ እንቅልፍ ያመጣል› አለች፣ በሬዲዮ። ሦስት ቀን ስልኳን አላነሳሁም። ዛሬ ልታረቃት ነበር የመጣሁት።» ንፍጧን በእጅጌዋ ጠረገች። «እትዬ እኮ ለእናታችንም ያው ነበረች። ውሸት አትችልም።»

«የጨው ቤትንም አንቺ ነሽ የተረጎምሽው?»

«እኔው ነኝ። ስምንተኛውንማ ሁለት ጊዜ አስተርጉመውኝ ዓይኔ ሊፈስ ነበር። ለምን እንዳትዪኝ፤ ላልናገር ፈርሜያለሁ።»

«ታዲያ ዛሬ አላየሽውም?»

«ስታበስል የዋለች ሴት ምግቡ አያምራትም።»

መርማሪዋ ይህን ጻፈችው። ከዚያ ወደ ሁለቱ የሚዛን የሬዲዮ ባልደረቦች ሄደች።

አንደኛዋን አድማጭ «እሬት» ይላታል። ዕድሜዋ ከሃምሳ ያለፈ፣ የቀድሞ መምህርት፣ በሕይወቷ አንድም ድራማ ሙሉ በሙሉ ያላመሰገነች።

«ቀኑን የት ዋሉ?»

«ቤቴ፣ ብቻዬን፣ ከጨው ቤት ጋር። ሕጋችን ነው፤ እያንዳንዱ ብቻውን ያያል፣ ማይክ ሳይከፈት ትንፍሽ አይባልም። ምስክር ከፈለግሽ ድመቴን ጠይቂያት፤ እሷ ግን ሦስተኛው ክፍል ላይ ተኝታለች።»

«ሚዛን ሰሞኑን ያስጨነቃት ነገር ነበር?»

እሬት መነጽሯን አወለቀች። «‹ከመካከላችን አንዱ ሳይቀምስ ጨው በዛ ይላል› አለችኝ። እኔን መስሎኝ ተቀየምኩ። እስከ ሞቷ ድረስ ተቀይሜያለሁ፤ ይኸው ነው እንግዲህ።»

ሌላው «ማሩ» ይባላል፤ ሁሉን የሚያመሰግን፣ ድምፁ የሚያባብል፣ ከሰኞ ጀምሮ በቴሌቪዥን የራሱን ፕሮግራም ሊጀምር የተዘጋጀ ሰው። መርማሪዋን በር ላይ ሲያገኛት ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

«የኔ እናት፣ እህቴን ነው ያጣሁት። ምን ልርዳሽ?»

«ትናንት ያየሁት ድራማ አሰልችቶኛል። እርስዎ ምን ይመርጡልኛል?»

በሐዘኑ መሐል እንኳ ፊቱ በራ። አራት ድራማ ቆጠረላት። የአንዱን የመክፈቻ ዝናብ፣ የሌላውን የመጀመሪያ ሠርግ፣ የሦስተኛውን የባቡር ጣቢያ አሳምሮ ተረከላት። መርማሪዋ አመስግና ወጣች። መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ የጻፈችውን ደግማ አነበበች፦ ዝናቡ፣ ሠርጉ፣ ጣቢያው፤ ሁሉም ከመጀመሪያው ክፍል።

ከዚያ ቤቷ ገብታ ስምንተኛውን ክፍል ሁለት ጊዜ አየች፤ አንዴ ለሕዝብ ከተለቀቀው፣ አንዴ ከሚዛን ቅጂ። ተከታታዩን ራሷም ጀምራው ሦስተኛው ላይ ነበረች። መጨረሻውን ቀድማ ማወቋ አናደዳት፤ ነፍሰ ገዳዩን ለመያዝ ተጨማሪ ምክንያት ሆናት።

*

እሁድ ጠዋት ሁሉንም ስቱዲዮ ሰበሰበቻቸው። የሚዛን ወንበር ባዶ ነው። እህትየው ከአንዲት ፖሊስ ጎን፣ አለቃው በሩ ሥር ቆሟል። ቀይ መብራቱ አልበራም።

«ፕሮግራሙን እንደወትሮው ጀምሩልኝ» አለች መርማሪዋ። «ተራው እንዴት ነበር?»

«ማር ይቀድማል፣ እሬት ይከተላል፣ ሚዛን ትፈርዳለች» አለች እሬት። ድምፏ ተሰበረ።

«እንግዲያው እርስዎ ይቅደሙ። የጨው ቤትን ለአድማጭ ይመርጣሉ?»

ማሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ያለ ጥርጥር። ለእሷም መታሰቢያ ይሁን። በተለይ መጨረሻው! ልጆቹ በመጋዘኑ ቁልፍ ሲጣሉ እናትየው ምንም ሳትናገር ወጥታ ቁልፉን ጉድጓድ ውስጥ ጣለችው። ያ የውሃው ድምፅ፣ ከዚያ ጨለማ... እንዲህ ያለ መጨረሻ ዘመኔን ሙሉ አላየሁም።»

እሬት ዘወር ብላ አየችው። «የምን ጉድጓድ?»

«ጉድጓዱ ነዋ።»

«አንተ ሰውዬ፣ እናትየው ቁልፉን ለምራቷ ሰጠቻት! እኔ እንኳ ‹ይህን ማን ይውጥልሃል› ብዬ ልወርድበት ነበር የመጣሁት።»

ማሩ ፈገግ ሊል ሞከረ። ከንፈሩ እሺ አላለውም።

መርማሪዋ ወደ እህትየው ዞረች። «ስምንተኛውን ለምን ሁለት ጊዜ ተረጎምሽ?»

እህትየው አለቃውን፣ ከዚያ ማሩን አየች። «ከአራት ቀን በፊት መጨረሻውን ለወጡት። የጉድጓዱን ጥለው የምራቷን አስገቡ። የድሮው የቀረው በእትዬ ቅጂ ብቻ ነው።»

«ሚዛን ነግራኝ ነው» አለ ማሩ ፈጥኖ። «ባለፈው ሳምንት...»

«አልነገረችህም» አለች መርማሪዋ። ‹እርስዎ› ማለቷን እንደተወች ሁሉም ሰማ። «ሚዛን ራሷ አላየችውም። ያ ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ የተከፈተው ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ከሁለት ላይ ነው፤ እሷ ከሞተች በኋላ። ያንን መጨረሻ ያየ ሰው ያየው እዚያ ሶፋ ላይ፣ እግሯ ሥር ተቀምጦ ነው።»

አለቃው ከበሩ ራቅ አለ። «ያየችው እህቷ ብትሆንስ?»

«የጻፈችውን ለማየት ከሬሳ ጋር አንድ ሰዓት ትቀመጣለች? ያ ሰው መጨረሻውን ማወቅ የነበረበት ሰው ነው። ዛሬ እዚህ ማውራት የነበረባቸው ሁለት ናቸው። አንዷ ለሕዝብ የተለቀቀውን አይታለች። አንተ ግን ውሃ ሲጠማህ እንኳ አንዲት ቃል እንዳታመልጥህ አቁመኸው ሄድክ፤ ከዚያ የጠጣህበትን ብርጭቆ ብቻ አጠብክ።»

«ለምን እገድላታለሁ? ለምን?»

«ድራማ ስለማታይ።»

መርማሪዋ ማስታወሻዋን ገለጠች።

«የመጀመሪያውን ክፍል ታያለህ፤ የቀረውን ሰው ከጻፈው ትለቅማለህ። ሌሊቱን የአምስት ሳምንት ፕሮግራማችሁን ቅጂ ሰማሁት። ስለ መጨረሻ ስታወራ ሁልጊዜ የሌላ ሰው ቃል ነው፤ አንዳንዴ እስከ ስህተቱ። ሚዛን ደረሰችበት። ትናንት ጠርታህ ዛሬ በማይክ እንደምትጠይቅህ ነገረችህ። ደብተሯ ላይም ጽፋው ነበር፤ ገጹን ቀደድከው። በማግስቱ ቴሌቪዥን ላይ ልትወጣ ነው። ትራሱ ቅርብ ነበር።»

«ለምኛታለሁ» አለ ማሩ ቀስ ብሎ። የሚያባብለው ድምፁ አብሮት አልነበረም። «አንድ ሳምንት ብቻ አልኳት። ‹እስኪ የዛሬውን እስከ መጨረሻው እየው፣ ከዚያ እናወራለን› አለች። ሳቀችብኝ።»

«ከዚያ አየኸው።»

«ዘንድሮ እስከ መጨረሻው ያየሁት እሱን ብቻ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች መርማሪዋ። «ለዚህ ነው ማንንም ያልጠየቅከው። እንደልማድህ ከሰው ጽሑፍ ለቅመህ ብትመጣ ኖሮ ስለ ምራቷ ታወራ ነበር፤ እኔም ባዶ እጄን እመለስ ነበር።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። አለቃው እህትየውን ለማየት አፈረና ኮፍያውን ሲያገላብጥ ቆየ። «መሄድ ትችያለሽ» አላት በመጨረሻ።

እሷ ቀድማ ተነስታለች። በሩ ላይ ግን ቆመች።

«እትዬ ስምንተኛውን አላየችውም ማለት ነው?»

«አላየችውም።»

«ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ትል ነበር?»

መርማሪዋ ባዶውን ወንበር፣ ከዚያ እሬትን አየች። እሬት ትከሻዋን ነቀነቀች።

«ጉድጓዱ ነው የሚሻለው» አለች እህትየው። «ያ ሰነፍ እንኳ በዚህስ አልተሳሳተም።» ከዚያ ልጇን ለመውሰድ ደረጃውን እየሮጠች ወረደች።