የማይታጠበው ትራምፔት

የቻናሉ ቤተሰቦች፣ ይህ ነገር በእኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ከሰው ሰምቼ ያመጣሁት አይደለም። የምጽፈውም ማውራት ስለማልችልበት ነው፤ ሰው ፊት ስቆም ምላሴ ይተሳሰራል።

ጊዜው ሌሊት እንዳይመስላችሁ። እሁድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ፀሐይ በመስኮት ትገባለች። ውጭ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ።

ምግብ ላይ ከሆናችሁ ግን... ጨርሳችሁ ተመለሱ።

የምሠራው ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው። ያሳደገችኝ አክስቴ ከሞተች ወዲህ፣ እሁድ እሁድ ከግድግዳ በቀር የማየው አልነበረኝም። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ሃያ አንድ ጥቁር ኮት ሊያሳጥብ መጣ። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ኮቶቹ የሠፈራችን የበጎ ፈቃድ ኦርኬስትራ ናቸው አለኝ።

«አንተስ መጫወት ትችላለህ?»

«አልችልም፣ ጋሼ።»

«እኛስ እንችላለን ያለህ ማነው?» ብሎ ሳቀ። «እሁድ ና።»

ሄድኩ።

የሚለማመዱት በአሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ግድግዳው ላይ በእጅ የተጻፈ ሰሌዳ ተሰቅሏል።

«መሣሪያ የሌለው መሣሪያ ያገኛል። ሰው የሌለው ሰው ያገኛል።»

ሁለቴ አነበብኩት። ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ሰሌዳውን የጻፈው ኦርኬስትራውን ከዐሥራ አምስት ዓመት በፊት የመሠረተው ሰው ነው። ሁሉም አባባ ይሉታል። በአምስት አሮጌ መሣሪያ ጀምሮ ጎረቤቱን ሁሉ በነፃ አስተምሯል። አምና ሳል ገደለው። አሁን የሚመሩን ሚስቱ ናቸው፤ እትዬ እንላቸዋለን።

አንድ ደንብ ነበራቸው።

የሚነፋ መሣሪያ ውስጥ ምራቅ ይጠራቀማል። ከሥሩ ትንሽ መክፈቻ አለችው፤ እሷን ተጭኖ ማፍሰስ ነው። በዚህ ቤት ምራቅ መሬት ላይ አይፈስም። በእረፍት ሰዓት ስድስቱም ነፊዎች እየመጡ መሃል ላይ ባለች ነጭ ሳፋ ውስጥ ያፈሳሉ። በመጨረሻ እትዬ የአባባን ትራምፔት ከባዶ ወንበሩ ላይ አንስተው እሳቸውም ይከፍቱታል። ምንም አይወጣውም፤ ለክብሩ ነው።

ሳፋዋን የሚደፋው አዲስ ገቢ ነው። እኔ ማለት ነው።

የስድስት ሰው ምራቅ ታችዋን እንኳ አይሸፍንም ነበር።

በአራተኛው እሁድ እትዬ የአባባን ትራምፔት እንደከፈቱ ሳፋዋ ላይ ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ...

ሳነሳት ከበደችኝ።

እስከ ግማሽ ሞልታለች። ወፍራም ነው፤ እንደ ተልባ ይዝለገለጋል። ሳፋዋም ትሞቅ ነበር።

«ጋሼ... ይህ ሁሉ የማነው?»

«ሽሽ!» አለኝ ሾፌሩ። «ድፋና ና።»

የዚያን ቀን ስንበተን እትዬ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ በዓመት በዓላችን ላይ የሱን ትራምፔት የምትነፋው አንተ ነህ። ቤትህ ወስደህ ልመደው።»

እንዲህ ያለ አደራ የሰጠኝ ሰው የለም። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

«አንድ ነገር ብቻ። እንዳታጥበው። እሱ አንድም ቀን አላጠበውም። ድምፁ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።»

«አንተ ገላህን ታጠብ፣ እሱን ተወው!» አለ ሾፌሩ ከኋላዬ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ቤቴ ገብቼ መንፊያውን ከንፈሬ ላይ አደረግኩት።

ሞቃት ነው። ሰው አሁን ከአፉ እንዳወጣው።

የሳል ሽሮፕ ይሸታል።

ገና ትንፋሼን ስስብ፣ እንደ ጥሬ እንቁላል ነጭ ያለ ነገር ምላሴ ላይ ተንሸራተተ... ከመትፋቴ በፊት ዋጥኩት።

እስኪበቃኝ አስታወኩ።

እኔ አጣቢ ነኝ። የሰው አንሶላ፣ የሰው ካልሲ፣ የሕፃን ጨርቅ አጥባለሁ፤ አልጸየፍም። ይህን ግን አልቻልኩም። ሰኞ ጠዋት ሥራ ቦታ ወስጄ የፈላ ውሃና ሳሙና ለቀቅኩበት።

መጀመሪያ ቢጫ ወጣ። ቀጥሎ ግራጫ። ቀጥሎ ክር ክር የሚል... ስስበው የማያልቅ። አጫጭር ነጭ የጢም ጠጉር አለበት።

ትራምፔት ውስጥ አንድ ብርጭቆ ውሃ እንኳ አይገባም። የወጣው ግን ባልዲ ሞላ።

ሲጠራ መሣሪያው ቀዘቀዘ። ተገላገልኩ አልኩ።

እሁድ፣ ዘጠኝ ሰዓት። እትዬ እጃቸውን አነሱ።

ቫዮሊኖቹ ጀመሩ። ነፊዎቹ ነፉ።

ድምፅ የለም።

ጉንጫቸው ተነፍቷል፣ ደም ሥራቸው ተገትሯል... የሚወጣው ባዶ ትንፋሽ ብቻ ነው። ቫዮሊን የምትጫወተው ልብስ ሰፊ አቆመች። ሁሉም አቆሙ።

እትዬ ወደ እኔ መጡ። ትራምፔቱን አሸተቱት።

«አጠብከው?» በሹክሹክታ ነው።

ትራምፔቱን ወደ ደረቴ ሳብኩት።

«ልጄ... አጠብከው?»

«አጠብኩት።»

መባረሬ ነው ብዬ ሰሌዳውን አየሁ። ሰው የሌለው ሰው ያገኛል።

«ግድ የለም» አሉ። «እንሞላዋለን።»

ቀድሞ የተነሳው ሾፌሩ ነው። ጉሮሮውን ጠረገ... እክ... በትራምፔቱ ሰፊ አፍ ውስጥ ተፋ። ሁለተኛው ተከተለው። ሦስተኛው። ቫዮሊኖቹም ተሰለፉ። ልብስ ሰፊዋ ከተፋች በኋላ ከንፈሯን በመሐረብ ጥርግ ጥርግ አደረገች፤ እንደ ጨዋ እንግዳ። የቀለደ የለም። በመጨረሻ እትዬ ተፉ።

ከዚያ ለእኔ ሰጡኝ። ከሰፊው አፍ ጠርዝ እየተሳበ ይንጠባጠባል።

«ንፋ። ካልፈለግህ በሩ ክፍት ነው። ማንም አይቀየምህም።»

በሩን አየሁ። በእርግጥ ክፍት ነው። የኳሱ ድምፅ ይሰማል። ከልጆቹ ወዲያ የእኔ ክፍል አለ። እሁድና ግድግዳው።

ወደ ላይ ወደ ላይ እያለኝ... መንፊያውን ከንፈሬ ላይ አደረግኩት።

ነፋሁ።

የወጣው ዜማ አይደለም። ሳል ነው። የሽማግሌ ሳል፤ ረጅም፣ እርጥብ፣ ከሳንባ ሥር የሚፈነቀል።

«ይማርህ!» አሉ ሃያ ሰዎች በአንድ ድምፅ።

እኔን አላዩም። የሚያዩት ከኋላዬ ያለውን ባዶ ወንበር ነው።

ከዚያ በኋላ ሁሉም መሣሪያ ድምፅ ሰጠ። እንደዚያ ቀን አሳምረን ተጫውተን አናውቅም። ሲያበቃ ሾፌሩ አቀፈኝ። ልብስ ሰፊዋ ሃያ አንደኛውን ኮት፣ የአባባን፣ በልኬ አጠበበችልኝ።

ሰው አገኘሁ። አልዋሽም፣ አሁንም እሁድ እሁድ እሄዳለሁ።

ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አፌ ይሞላል። የእኔ ምራቅ እንዳልሆነ በጣዕሙ አውቃለሁ፤ የሳል ሽሮፕ ነው። ስለዚህ አልውጠውም። ይህን ስጽፍላችሁ አጠገቤ ብርጭቆ አስቀምጫለሁ።

ይህ ሦስተኛው ብርጭቆ ነው።

አሁን ጎንበስ ብዬ አየሁት። ላዩ ላይ አንድ አጭር ነጭ የጢም ጠጉር ተንሳፍፏል።

እኔ... ገና ጢም አላበቀልኩም።