የኤንድሬስ ስድስት እርምጃ

ጠጋ በሉ። ፋኖሱን ቀነስ አድርጉት፣ ጋዙ ለነገም ያስፈልገናል።

ሰዓቱ ከሌሊቱ ስድስት ነው። የአሁኑን ማለቴ አይደለም፤ የአሁኑማ ገና ሦስት አልሞላም፣ ማንም ወደ ድንኳኑ ገብቶ ለመተኛት ሰበብ አያቅርብ። የምላችሁ የዚያን ሌሊት ነው። ጨረቃ የለችም። ከመንደሩ ወጥቶ ወደ ወይን ተክሉ ዳገት የሚወስድ አንድ ጠባብ መንገድ አለ። መንገዱ ላይ አንድ ሰው አለ። ብቻውን ነው። በትከሻው ዶማ፣ በእጁ ፋኖስ ይዟል። በዚያ ሰዓት ዶማ ይዞ የሚወጣ ሰው ምን ሊሠራ ነው? ደግ ነገር ሊሠራ ነው የሚል እጁን ያውጣ።

ማንም አላወጣም። ጥሩ።

ሰውየው ማን እንደሆነ ከመናገሬ በፊት መንደሩን ልንገራችሁ። ቀያሽ ነኝና ቦታውን ሳላሳይ ታሪክ አልጀምርም። አገሩ ጀርመን ነው፤ ፍራንከን የሚባለው ክፍል። ወጣት ሳለሁ ለቅየሳ ትምህርት ተልኬ አምስት ወር እዚያ መንደር ተቀምጫለሁ። ይህን ታሪክ የነገረኝ ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ነው። የመንደሩን ስም አልነግራችሁም፤ አሁንም ሰው ይኖርበታል። ጎድጓዳ ሸለቆ ውስጥ ያለ አርባ ቤት ነው። በስተ ሰሜን ጥቅጥቅ ያለ ደን፣ ፀሐይ በሚያገኘው ዳገት ላይ የወይን ተክልና የእህል ማሳ፣ ታች ደግሞ ዓሣ የሚረባባቸው ሦስት ኩሬዎች አሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ላይ ነው፤ መቃብሩ ዙሪያውን ነው፣ በግንብ ታጥሯል። መንደሩን መሃል ለመሃል አንድ ወንዝ ይቆርጠዋል። ወንዝ ስላችሁ ትልቅ እንዳይመስላችሁ፤ ፍየል ሳትረጥብ ትዘለዋለች።

ያች ወንዝ ግን የዛሬ ሦስት መቶ ምናምን ዓመት ድንበር ነበረች። ወዲህ ያለው የጳጳሱ፣ ወዲያ ያለው የአንድ ባላባት። ወዲህ ካቶሊክ፣ ወዲያ ሉተራን። የቀን አቆጣጠራቸው እንኳ በአሥር ቀን ይለያይ ነበር። ወዲህ ገና ተበልቶ አጥንቱ ለውሻ ተጥሎ፣ ወዲያ ገና አልደረሰም። ዘርፌ ትስቃለች፤ እንዴት ይኖራሉ ትላለች። እኛ ከዓለም በሰባት ስምንት ዓመት ተለይተን እየኖርን አይደል? ይኖራሉ።

እነዚህ ሰዎች የሚስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በወሰን ድንጋይ። ከወዲህ አራት፣ ከወዲያ ሦስት፣ ሰባት ሰው ይመረጣል። ሥራቸው ድንጋይ መትከል ነው። ሲመረጡ ይምላሉ፤ እስኪሞቱም አይወርዱም። ድንጋዩን ከማቆማቸው በፊት ጉድጓዱ ውስጥ ሰባት የሸክላ ቁራጭ ይደረድራሉ። አደራደሩን ከሰባቱ በቀር የሚያውቅ የለም። ሚስት አታውቅም፣ ቄስ አያውቅም። የሚደረድሩትም ጀንበር ከጠለቀች በኋላ፣ ሌላው ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ለምን? ድንጋይ ሊገፋ ይችላላ። ሥሩ ያለውን ምልክት ግን የማያውቅ ሰው አስመስሎ ሊደረድረው አይችልም። ድንጋዩ ሲነሣ ምልክቱ ከሥሩ ከሌለ፣ ድንጋዩ ከቦታው ተነሥቷል ማለት ነው። ብልህ ሰዎች ናቸው። አንድ ነገር ብቻ አላሰቡም። ከሰባቱ አንዱ ራሱ ቢገፋውስ?

ከዚያ ጦርነት መጣ። ሠላሳ ዓመት ቆየ። አንዱ ወታደር መጥቶ በላ፣ ሌላው መጥቶ የተረፈውን በላ፣ ሦስተኛው የሚበላ ሲያጣ ቤቱን አቃጠለ። ከአርባው ቤት ዘጠኝ ቀረ። በላዩ ላይ ወረርሽኝ ገባ። በአንድ መከር ከሰባቱ ስድስቱ ሞቱ። ስድስቱንም የቀበራቸው ሰባተኛው ነው። ኤንድሬስ ይባላል፤ በእኛ እንድርያስ እንደማለት ነው። ካቶሊኩንም ሉተራኑንም ጎን ለጎን ቀበራቸው፤ የሚቆጣ ቄስ አልተረፈም ነበር። መጨረሻ የሞተው ሎሬንዝ ነው። ሎሬንዝ የኤንድሬስ የልብ ጓደኛ ነው፣ ማሳቸውም አዋሳኝ ነው። ሚስቱን ኩኒጉንደንና ሁለት ሴት ልጆች ትቶ ሞተ።

አራት ዓመት አለፈ። ኤንድሬስ አራቱንም ዓመት ብቻውን ኖረ፤ ሚስቱ ቀድማ ሞታበታለች። ክፉ ሰው አልነበረም። እኔ አዝንለታለሁ። ነገር ግን ብቻውን የሚኖር ሰው የሚማከረው ከራሱ ጋር ነው፣ ራሱ ደግሞ እምቢ ብሎት አያውቅም። አንድ የበልግ ቀን የሎሬንዝ ማሳ ሳይታረስ ጦሙን ማደሩን አየ። ሴትዮዋ አቅም የላት፣ አረም ከሚበላው እኔ ልረስው አለ። ድንጋዩን በበሬ ጎትቶ ስድስት እርምጃ ገፋው። ማን ያውቅበታል? የሚያውቁት ስድስት ሰዎች ናቸው፣ ስድስቱም አፈር ለብሰዋል።

ኩኒጉንደ ግን እግር አላት። የማሳዋን ወርድ በእርምጃ ለካችው። ሃያ ሁለት የነበረው አሥራ ስድስት ሆኗል። ደግማ ለካችው። አሥራ ስድስት። ለኤንድሬስ ነገረችው። እርምጃሽ ረዝሞ ይሆናል አላት። ድንጋይ የሚተክል ሰው እንዲህ ሲላችሁ ተጠንቀቁ። ሌላ መሬት የላትም። ስድስት እርምጃ ከሄደባት የሚቀረው ሁለት ልጅ አያበላም፤ ልጆቿን ይዛ ከተማ ገብታ ሰው ቤት ማደር ነው የሚጠብቃት። ስለዚህ ዳኛ ዘንድ ሄደች። ዳኛውም መጥቼ ድንጋዩን አስነሣለሁ አለ። ምልክቱ ከሥሩ ከተገኘ መሬቱ የኤንድሬስ ነው፤ ካልተገኘ የገፋው ሰው እጁ ይቆረጣል። ምልክቱ ትክክል ነው ብሎ የሚመሰክረው ማን ነው? ከሚያውቁት በሕይወት ያለው አንድ ሰው ነው። ኤንድሬስ።

ዳኛው የሚመጣው ነገ ጠዋት ነው። አሁን ዶማውና ፋኖሱ ገባችሁ? ሰባቱን የሸክላ ቁራጭ ከጥንቱ ቦታ አውጥቶ፣ ከተገፋው ድንጋይ ሥር ሊደረድራቸው ነው።

መንገዱ ላይ ነን። ኤንድሬስ ይወጣል። ጠጠሩ ከጫማው ሥር ክሽ ክሽ ይላል። ኤንድሬስ ቆመ። ጠጠሩም ቆመ። ትንሽ ዘግይቶ ቆመ። የገደል ማሚቶ ነው አለ። እዚያ ዳገት ላይ ገደል አለ ወይ? የለም። ለክቼዋለሁ።

ጥንት ድንጋዩ የነበረበት ቦታ ደረሰ። ፋኖሱን መሬት አስቀመጠና መቆፈር ጀመረ። ልብ በሉ፣ ይህን ሥራ ሠላሳ ዓመት ሠርቶታል፤ አንድ ቀን ግን ብቻውን ሠርቶት አያውቅም። ሰባቱ ሥራ ተከፋፍለው ነበር። አንዱ መብራት ይይዛል፣ አንዱ ዕቃ ያቀብላል፣ አራቱ ድንጋዩን ይደግፋሉ። ጎንበስ ብሎ የሚደረድረው ኤንድሬስ ነው። ቀና ብሎ አያይም፤ ይጠራል፣ ይቀርብለታል።

ጎንበስ እንዳለ፣ በልማድ፣ «መብራት» አለ።

መብራቱ ጠጋ አለ።

ቆፈረ። አፈሩ እየተናደ አስቸገረው። እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ «አካፋ» አለ። አካፋው እጁ ገባ። አፈሩን ዛቀ፣ ቁራጮቹን አንድ በአንድ ለቀመ፣ ጉድጓዱን መለሰው። ሰባቱንም ኪሱ ውስጥ ከተታቸው። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ኤንድሬስ ከቤቱ ምን ይዞ ነበር የወጣው? ዶማና ፋኖስ። አካፋ ብያለሁ? አላልኩም።

እሱ ግን አላሰበበትም። ሥራ ላይ ነበር።

ስድስት እርምጃ ሄዶ የተገፋው ድንጋይ ጋ ደረሰ። መብራቱም አብሮት ሄደ። ድንጋዩን አራት ሰው ነው የሚሸከመው። በዶማው ፈነቀለውና አዘመመው። ከዚያ «ያዙት» አለ። ድንጋዩ እንደዘመመ ቆመ። ኤንድሬስ በሆዱ ተኛና እጁን እስከ ትከሻው ከሥሩ አስገባ። ሰባቱን ቁራጭ ደረደረ። ረጅም ሥራ ነው። ድንጋዩ ቢወድቅ ክንዱን ይቆርጠዋል። ንቅንቅ አላለም። ሲጨርስ እጁን አወጣና «ልቀቁት» አለ። ድንጋዩ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

ማን ያዘለት?

ወርቅነህ፣ እኔን እያየህ አትፍራ፣ እኔ የምነግርህ የሰማሁትን ነው።

ተነሣ። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። አሁን ሥራው የሚዘጋበት ሥርዓት አለ። ድንጋይ ተተክሎ ሲያበቃ የሰባቱ አለቃ ይጠይቃል፣ እያንዳንዱ በተራው ይመልሳል። አለቃ ማን ነው? የቀረው እሱ ነው። አፉ ከልቡ ቀደመና ለጨለማው ጠየቀ።

«ድንጋዩ በቦታው ነው?»

ከፋኖሱ ጀርባ አንድ ድምፅ፣ «አይደለም» አለ።

ኤንድሬስ ያን ጊዜ ደነገጠ። ከመብራት ያዡ ጀርባ ሌላ ድምፅ፣ «አይደለም» አለ። ሦስተኛው፣ «አይደለም»። አልጮሁም፣ አልተቆጡም። በሥራ ቀን እንደሚመልሱት ነው የመለሱት። አራተኛው፣ «አይደለም»። አምስተኛው ጉሮሮውን ጠረገና፣ «አይደለም»። ስድስተኛው ዘገየ። ስድስተኛው ሎሬንዝ ነው። ኤንድሬስ ሲተነፍስ ለየው። ሎሬንዝ ዝቅ ባለ ድምፅ «አይደለም» አለ።

መሸሽ አይችልም ነበር? ይችል ነበር፤ መንገዱ ክፍት ነው። ስድስቱ አልከበቡትም። ቆመው የሚጠብቁት ሰባተኛውን መልስ ነው። ሥርዓቱ ሰባት መልስ ነው።

«ኤንድሬስ፣ ያንተ ቀረ» አለ ሎሬንዝ።

«በቦታው ነው» ቢል ማን ይከለክለዋል? ነገ ዳኛው የሚሰማው የሱን ቃል ብቻ ነው። ስድስቱን በቀበረ ጊዜ እንኳ አላለቀሰም ነበር፤ አሁን አለቀሰ። እንደ ልጅ እየተነፋረቀ «አይደለም» አለ።

አግዙኝ ብሎ ለመናቸው። ማንም አልተንቀሳቀሰም። አሳስቶ የተከለ ራሱ ይመልሳል፣ ሥርዓቱ ነው። አራት ሰው የሚሸከመውን ድንጋይ ብቻውን እየገለበጠ፣ እየወደቀ፣ ስድስት እርምጃ መለሰው። እንዴት እንደቻለ አትጠይቁኝ፤ በሰባ ዓመቱ ነው። ጉድጓዱን እንደገና ከፈተ፣ ሰባቱን ቁራጭ አምጥቶ በጥንቱ ቦታ ደረደረ። «ያዙት» ሲል ግን ያዙለት። ጨርሶ ተነሣና ጠየቀ። ስድስቱም በየተራ «በቦታው ነው» አሉ። እሱም «በቦታው ነው» አለ።

ደስ አለው። እውነቴን ነው፣ ከአራት ዓመት ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም።

ሥራ ሲያልቅ አብረው ነው የሚወርዱት። ስድስቱ በመስመር ቀደሙ፤ ኤንድሬስ ፋኖሱን አንሥቶ ከኋላ ተከተለ። የስድስት ሰው ጫማ ፊት ለፊቱ ጠጠሩን ክሽ ክሽ ያደርገዋል። አራት ዓመት ሙሉ ያን መንገድ የወረደው ብቻውን ነው። ታች ሲደርሱ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ግራው ወደ ቤቶቹ፣ ቀኙ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ። ስድስቱ ወደ ቀኝ ታጠፉ።

ኤንድሬስ ቆመ። አልገባውም እንዳትሉኝ። ጉድጓዳቸውን የቆፈረው እሱ ነው፤ ወዴት እንደሚሄዱ ከማንም ይልቅ ያውቃል። በግራ በኩል ቤቱ ይታየዋል። ጨለማ ነው፣ የሚጠብቀው ሰው የለም። በቀኝ በኩል ስድስቱ እየራቁ ነው። አንዳቸውም ና አላሉትም። አንዳቸውም አልዞሩም።

መንገዱ እንዲታያቸው ፋኖሱን ከፍ አደረገና ተከተላቸው።

ጠዋት ዳኛው መጣ። ሰውም ወጣ። ኩኒጉንደ የማሳዋን ወርድ በእርምጃ ለካችው። ሃያ ሁለት። ዳኛው ድንጋዩን አስነሣ፤ ሰባቱ ቁራጭ ከሥሩ አሉ። አደራደሩ ልክ መሆኑን ኤንድሬስ ይመስክር ተባለና ፍለጋ ተወጣ። ቤቱ የለም። በመጨረሻ መቃብሩ ግቢ አገኙት። ከስድስቱ መቃብር ቀጥሎ፣ በተራው ቦታ፣ በጀርባው ተኝቷል። እጁ እስከ ክርኑ ጭቃ ነው። ሞቷል። ፋኖሱ ራስጌው ይበራል። ዳኛው መሬቱን ለኩኒጉንደ ፈረደ። እሷም ኤንድሬስን በተኛበት አስቀበረችው። ክፉ ስትናገርበት ማንም አልሰማም።

ታሪኩ ይኸው ነው። በሌሊት ብቻህን አትሂድ ይባላል፣ እኔም እላለሁ፤ ወደ ድንኳናችሁ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። ነገር ግን ከፊታችሁ የሚሄዱትን አታምኑ፤ መታጠፊያው ላይ ስትደርሱ ወዴት እንደሚታጠፉ እዩ። ወደ ቤት ካልሆነ፣ ምንም ያህል ቢናፍቋችሁ፣ ፋኖሱን መሬት አስቀምጡና ተመለሱ።