የሉቬኒያ ቤት ምስክር

በ1982 እ.ኤ.አ.፣ የካቲት ሊጋመስ ሲል፣ በሴይንት ፖል ከተማ በረዶው የቤተ ክርስቲያኑን መስኮት እስከ ወገቡ ውጦት ነበር፤ ከመስኮቱ ማዶ አውራ ጎዳናው ያለ ዕረፍት ያጓራል። ያ ጎዳና ከመዘርጋቱ በፊት ስፍራው ሮንዶ ይባል ነበር፤ ጥቁሮች ቤት ሠርተው፣ ልጆቻቸውን ድረው፣ ሽማግሌዎቻቸውን ቀብረው የኖሩበት ሰፈር ነው። መንግሥት መንገድ ያስፈልገኛል ባለ ጊዜ ግን፣ በከተማው ሌላ መሬት የጠፋ ይመስል፣ ሰፈሩን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ አለፈ።

ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ ምእመናኑ ሰፈራቸውን በጨርቅ ሊመልሱት ተነሡ፤ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሚሰፋ አንድ ትልቅ ብርድ ልብስ፣ ለእያንዳንዱ ቤትም አንድ ቁራጭ። ዲያቆን ቲልማን ሕግ አወጡ፤ ማንም ስለ ገዛ ቤቱ እንዳይናገር፣ ጎረቤት ያልመሰከረለትም ቤት እንዳይሰፋ። ወደው አልነበረም፤ በመጀመሪያው ሳምንት የፈረሰው ቤት ሁሉ በወሬ ፎቅ እያወጣ አስቸግሯቸው ነው።

«የእህት ሉቬኒያን ቤት የሚመሰክር?» አሉ ዲያቆኑ።

ሰው ሁሉ ወደ መርፌው አቀረቀረ። የግራና የቀኝ ጎረቤቶቿ ሞተዋል፤ ልጅ አልወለደችም፤ ፎቶግራፎቿም ምድር ቤቱ ውኃ ገብቶበት ተበላሽተዋል። የሰባ ሁለት ዓመቷ ሉቬኒያ ክራምፕተን ቢጫ ጨርቋን ጉልበቷ ላይ ይዛ የሰዎቹን ፊት በየተራ ታያለች። ምስክር ከታጣ ብርድ ልብሱ ላይ የእርሷ ቦታ ግራጫ ሆኖ ሊቀር ነው፤ ግራጫው የአስፋልቱ ቀለም ነው።

በስተኋላ ተቀምጣ የምትሰፋው ዩዶራ ፔቲፎርድ በልቧ «እሰይ! ትቅር!» አለች። ዩዶራ ከሉቬኒያ ቤት ፊት ለፊት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖራለች፤ እግሯ ግን ያን ደፍ ረግጦ አያውቅም። በባቡር የመኝታ ፉርጎ አስተናጋጅ የነበረው ሆሴያ ክራምፕተን መጀመሪያ ያጨው እርሷን ነበር፤ ያገባው ሉቬኒያን ነው። ሆሴያ ከተቀበረ አሥር ዓመት ሞላው፤ የዩዶራ ቅናት ግን ዛሬም አልበረደም።

«ያ የኪራይ ቤት አይደል እንዴ?» አለ አንድ ሽማግሌ። «ሆሴያ ተከራይ ነበር መሰለኝ።»

ሉቬኒያ አፏን ከፈተች፤ ዲያቆኑ እጃቸውን አነሡ። «ሕጉን እህቴ፣ ሕጉን።»

«የምን ተከራይ!» ዩዶራ ሳታስበው ብድግ አለች። «ስንት ዓመት የሰው ሻንጣ ተሸክሞ የገዛውን! ካላወቅህ ዝም አትልም?»

ጉባኤው በሙሉ ወደ እርሷ ዞረ። ያን ጊዜ ገባት፤ ከቀጠለች ከመጋረጃ ጀርባ ያሳለፈችው ዘመን ሁሉ በአደባባይ ሊወጣ ነው፤ ካቆመች ደግሞ ሆሴያ ተከራይ ሆኖ ይቀራል።

«በሩ ቢጫ ነው» አለች። «ሁለት ጊዜ ነው የቀባው፤ የመጀመሪያው አላማረውም። በግራ በኩል ሐምራዊ አበባ የሚያወጣ ቁጥቋጦ አለ። ደረጃው አምስት ነው፤ ሦስተኛው ይጮኻል። ከባቡር በማለዳ ሲመለስ ያንን እየዘለለ ነበር የሚወጣው፤ እሷ እንዳትነቃ።»

«አንቺ ቤቴ ገብተሽ አታውቂም!» አለች ሉቬኒያ።

«መስኮት አልነበረኝም? ስቀና ኖርኩ፤ ይኸው አልኩት፤ ደስ ይበልሽ!»

ሰዎቹ ሳቁ። ዩዶራ ግን አልጨረሰችም። «ዶዘሩ የመጣ ዕለት ጧት አንቺ ዕቃ ታስጭኛለሽ፤ እሱ የበሩን እጀታ ፈትቶ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ቁጥቋጦው ጀርባ ሄዶ አለቀሰ።»

የሉቬኒያ ፊት ተለወጠ። «ሆሴያ አልቅሶ አያውቅም።»

«አልቅሷል። እኔ አይቻለሁ።»

ሠላሳ አምስት ዓመት አብራው የኖረችው ሚስት ጨርቋን በእጇ ጨመደደች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች፤ «በየትኛው እጁ ነው እንባውን የጠረገው?»

«በግራው። ቀኙ ኪሱ ውስጥ ነበር።»

በከተማው መዝገብ ያ ቤት ዛሬም አንድ የመሬት ቁጥር ነው፤ በሩም ደረጃውም አልተጻፈም። ብርድ ልብሱ ላይ ግን ቢጫው በር አለ፤ ሦስተኛው ደረጃም በቀይ ክር ተሰፍቷል። የሚያዩት እንግዶች የሮንዶ ጎረቤቶች እንዴት ይዋደዱ ነበር ይላሉ፤ የሚያርማቸው የለም። ዩዶራና ሉቬኒያ ከዚያ ወዲህም አልተዋደዱም፤ ሉቬኒያ እስክትሞት ድረስ፣ ዩዶራ የሆሴያን እንባ ባየችባት በዚያች አንዲት ጧት ምክንያት ትቀናባት ነበር።