የድሮው ልክ

በህንዷ ባናራስ ከተማ ባንግ የዋጠ ሰው አያፍርም፤ የሚያፍረው ሲንገዳገድ የታየ ነው። የካናቢሱ ቅጠል ተፈጭቶና ተድቦልቡሎ በወንዙ ዳር በገሃድ ይሸጣል። ጀልባ ቀዛፊው ራምዳኒ ለዓመታት ጠዋት ጠዋት ሁለት ድብልብል እየዋጠ፣ ጀልባውን በጋንጋ ወንዝ ላይ እንደ ክር ቀጥ አድርጎ ሲነዳ ኖሯል። ይህንንም እንደ ሙያ ይቆጥረው ነበር። ግማሿን ውጠው ግድግዳ ሰላም በሚሉት ላይ ይስቅ ነበር።

ከዚያ ጉበቱ ታመመ። ሐኪሙ ከለከለው፤ ያለ ባንግ ወራት አለፉ። ሲድን፣ ልጁ ሶንማቲ የምትዳርበት ሰሞን ነበር።

በአገሩ ደንብ ሙሽሮቹ ከሠርጉ ማግስት የአበባ ጉንጉን ከዳር እስከ ዳር በወንዙ ላይ ይዘረጋሉ። ጉንጉኑ ሳይበጠስ ማዶ ከደረሰ ትዳሩም ይደርሳል ይባላል። ቀዛፊው የሙሽራዋ የገዛ አባት ሲሆን ደግሞ ክብሩ ሌላ ነው። ራምዳኒም በሠርጉ ማግስት ጠዋት ለክብሩ ብሎ ሁለት ድብልብል ገዝቶ መጣ። ሚስቱ ፉልማቲ አየችው።

«የሶንማቲ አባት፣ ዛሬ እንኳ ይቅርብህ። ሰውነትህ ረስቶታል።»

«ሰው የገዛ ሚስቱን ይረሳል?»

«ስንት ወር ተኝተህ ስትነሳ ደረጃውን እንኳ ግድግዳ ይዘህ ነው የወረድከው። የእግርህ ጉልበት ሲሄድ ባንግ የመቻሉ ብቻ ቀረልህ?»

ለጀማሪ የሚሰጥ ምክር ነው ብሎ ናቃት፤ ዋጠ። ጥቂት ጠብቆ ምንም ባይሰማው፣ ሻጩ ጎመን ቀላቅሏል ብሎ ሰደበውና ሦስተኛ ገዝቶ ጨመረ። የተበላ ባንግ ዘግይቶ እንደሚመጣ ለስንቱ ሰው መክሮ ነበር።

ባንጉ የመጣው ሙሽሮቹንና የሙሽራውን እናት አሳፍሮ ወንዙ መሃል ሲደርስ ነው። ልቡ ደረቱን ይደበድበው ጀመር። መቅዘፊያዎቹን ለቆ የጀልባውን ጠርዝ አቀፈና ወደ ሙሽራው እናት ዞረ።

«እትዬ፣ ማዶው እየሸሸ ነው» አላቸው እያለቀሰ። «አስቆሙልኝ።»

ጀልባዋ በጎኗ ዞረች፤ ጉንጉኑ ተበጠሰ። አንድ ትልቅ የጭነት ጀልባም እየጮኸ ይመጣባቸው ነበር። አማቷ ፊት ተሸፋፍና መቀመጥ የሚገባት ሶንማቲ መሸፈኛዋን ወደ ኋላ ወርውራ መቅዘፊያዎቹን ያዘች። አምባሮቿ እየተንኳኩ ዳር አወጣቻቸው። ዳር ላይ የቆመው ሰው ሁሉ አየ፤ አንዳንዱም አጨበጨበ።

ራምዳኒን ተሸክመው አስተኙት። ልጁ ወደ ባሏ ቤት ስትሸኝ ሊቀሰቅሱት ሞከሩ፤ አልነቃም። አባቷ እጁን ራሷ ላይ ጭኖ ሳይመርቃት ሄደች።

ሲነቃ የሆነውን ነገሩት። አቀርቅሮ ወደ አማቾቹ ቤት ሄደና ደጃፉ ላይ ቆመ። የሙሽራው እናት ወጡ።

«ሁለት ድብልብል መቻሌ ጉልበት መስሎኝ ነበር» አላቸው። «ለካስ ሰውነቴ ስለለመደው ባንጉ መሥራት አቁሞብኝ ነው። ስተወው ልምዱ ሄደ፤ ትዕቢቴ ግን አልሄደም። በድሮ ልኬ ዋጥኩ፣ አልፌም ጨመርኩ፤ ሁላችሁንም ልገድላችሁ ነበር።»

«የአበባውስ ግድ የለም» አሉ ሴትየዋ። «ልጅዎ ግን ከቤትዎ ስትወጣ ደጋግማ ዞር እያለች በሩን ታይ ነበር።»

እሳቸው ገብተው ሶንማቲ ወጣች። እግሩን ለመንካት ጎንበስ አለችና ቀና ብላ ዓይኑን አየችው። በሕይወቷ ጠይቃው የማታውቀውን ጠየቀችው።

«አባዬ፣ ዛሬስ ውጠሃል?»

«አልዋጥኩም፣ ልጄ። ሁለተኛም አልውጥም።»

ራሷን ዝቅ አደረገችለት። እጁን ጭኖ መረቃት፤ ያለ ባንግ፣ ባዶ ሆዱን።