አቤት የምትለው ልጅ

«ጆሮዋ ዛሬም ፈሰሰ። ጤና ጣቢያ ልውሰዳት እንዴ?»

እናቷ ናት ለአክስቷ እንዲህ ያለቻት፣ ከስፌት መኪናዋ ኋላ ሆና። ልጅቷ ያኔ ከመኪናው ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ የምትለቃቅም ሕፃን ነበረች። አክስቷ የመለሰችውን ሁሉ አታስታውስም። የዩኒፎርም ሥራ መድረሱን፣ አንዴ የሄደ ደንበኛ እንደማይመለስ፣ ከዚያ ደግሞ «ተዪው፣ ስታድግ ይተዋታል» ማለቷን ታስታውሳለች። ከሁሉም በላይ የማይረሳት ፔዳሉ ነው። ጥቂት ቆመ፣ ከዚያ እንደገና ይረገጥ ጀመር።

ስታድግ እውነትም ተዋት። መስማቱም ግን አብሮ ተዋት።

ሰው ሲጠራት «አቤት?» ትላለች። ሲነግራት ደግማ «አቤት?» ትላለች። ጎረቤቱ ሁሉ ጨዋነቷን ያወራል፤ እናቷም ይህን ስትሰማ ፊቷ ይበራል። ትምህርት ቤት ግን ልጆቹ «እመቤት አቤት መጡ» እያሉ ይስቁባታል። የቃል ጽሕፈት ሲሆን መምህሩ እያነበበ ወደ ኋላ ወንበሮች ይሄዳል፣ ድምፁም አብሮት ይሄዳል፤ እሷ ባዶ መስመር ትታ ታልፋለች። ሰነፍ ተባለች፣ ክፍል ደገመች። የእናቷን ኩራት ከመንካት ሰነፍ መባሉ ይሻላል ብላ ዝም አለች።

አሁንም የዩኒፎርም ወቅት ነው። የትንሹ ወንድሟ ትራስ ከጆሮው በሚወጣው ፈሳሽ ቢጫ ነጠብጣብ ካወጣ ሰነበተ። ሐኪም ይየው ብላ ብትለምንም እናቷ ሥራውን ላስረክብ አለቻት። ዛሬ እናትየው ልጁን ከኋላው ጠራችው፤ ዞር አላለም። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትደግመው «አቤት?» አለ።

«አየሽው? እንደ እህቱ ጨዋ ሊወጣው ነው» አለች ፈገግ ብላ።

ልጅቷ ክር የምትቆርጥበት መቀስ እጇ ላይ ቀረ።

«እማ፣ እኔ ጨዋ ሆኜ አይደለም። አይሰማኝም እኮ። አቤት የምለው እንዲደግሙልኝ ነው።»

«አትቀልጂ።»

«በግራዬ ጭራሽ ምንም።»

እናቷ ተነሥታ በግራ በኩሏ ቆመች። ልጅቷ አንድ ነገር እስክትላት ግድግዳውን እያየች ጠበቀች። ኋላ ዞር ስትል እናቷ ከንፈሯን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ታለቅሳለች። ለካ ተናግራ ጨርሳለች። ምን እንዳለቻት ልጅቷ አላወቀችም፤ አልጠየቀቻትምም።

«እኔ እኮ ይተዋታል ስላሉኝ...» አለችና እናትየው መጨረስ አቃታት።

«የሱ ገና ነው እማ። አሁን ከታየ ይድናል።»

እናቷ ያልተሰፋውን ክምር አየች። ነገ ባለቤቶቹ ይመጣሉ፤ በሩ ተዘግቶ ካገኙት ወደ ሌላ ልብስ ሰፊ መሄዳቸው አይቀርም። ከዚያ በልጇ ፊት ለፊት ተቀመጠች፤ አፏ እንዲታያት ጠጋ ብላ፣ ቃሉን አንድ በአንድ፦

«ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ እንሄዳለን። ሦስታችንም። አንቺም ትታያለሽ።»

ተነሥታም መኪናውን በጨርቅ ሸፈነችው።