አሚር የሰጠው ቃል

ውባለም ሪያድ ሹመይሲ ሰፈር በሚገኘው ቢሮዋ ደረጃ ሥር ሞታ የተገኘችው ይመር ሠራተኞቿን ሊያስታርቅ በመጣበት ቀን ነበር። ይመር አገር ቤት ሳለ ወንጀል መርማሪ ነበር፤ ሪያድ ከገባ ወዲህ የሐበሻን ጠብ ያበርዳል። ውባለም መስማት ለተሳናቸው ያገሯ ልጆች ሐኪም ቤት የሚያስተረጉሙ ሁለት የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚዎች ነበሯት፤ አሸናፊና ሔዋን። ሁለቱ ዓይንና ናጫ ከሆኑ ሰንብተዋል።

ሬሳውን አቅፎ የተገኘው የቢሮው ጽዳት ሠራተኛ አሚር ነው። አይሰማም፣ ማንበብ አይችልም፣ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድም የለውም። ፖሊሶች አስከሬኑን ወስደው እሱን ቢሮው ውስጥ አስጠበቁት፤ ከሰዓት በኋላ ከሚሰገደው የዐስር ሶላት በኋላ ቃሉን ሊቀበሉ ይመለሳሉ። የእጁን ቋንቋ የሚያውቁት ደግሞ እነዚያው ሁለት ባላንጣዎች ናቸው። ምስኪኑ ልጅ በእነሱ አፍ ይድናል ወይም ይጠፋል።

ይመር መጀመሪያ አሸናፊን ብቻውን ከአሚር ፊት አስቀመጠው።

«እንዴት እንደሞተች ጠይቅልኝ።»

አሸናፊ እጆቹን አወዛወዘና ወዲያው ተናገረ፦ «‹ሰደበችኝ፣ ተናድጄ ገፋኋት› ይላል።»

አሚር እጆቹን ከጭኑ ላይ ያነሣው ከዚያ በኋላ ነበር። ፊቱ ላይ ሐዘን እንጂ ፍርሃት አይታይም።

«አንተስ ዛሬ አግኝተሃታል?» ሲል ይመር አሸናፊን ጠየቀው።

«ወላሂ አላየኋትም፣ ጋሽ ይመር።»

ሔዋን ስትተካ ነገሩ ሁሉ ተጓተተ። አሚር ተናግሮ እጆቹን እስኪያሳርፍ ድረስ አንድም ቃል አልተረጎመችም። ይመር ውሸት እየፈጠረች ነው ብሎ ጠረጠራት።

«‹እሷና አሸናፊ ደረጃው ላይ ሲጨቃጨቁ በመስኮቱ መስተዋት አየሁ። ባልዲዬን ሞልቼ ስመለስ ወድቃ አገኘኋት› ይላል።»

«ምነው ዘገየሽ?»

«ሳይጨርስ ምን ልበል? መጀመሪያ የእሱ እጅ፣ ከዚያ የእኔ አፍ። እትዬ ውባለም ያስተማረችን እንዲህ ነው። ከአሸናፊ ጋር የተጣላነውም በዚሁ ነው፤ እሱ ገምቶ ይቀድማል፣ እኔን ቀርፋፋ ይለኛል።»

የዐስር አዛን ሲሰማ ይመር ሦስቱንም አንድ ክፍል ሰበሰባቸው።

«ስለማትዋደዱ በሁለታችሁም ቃል አልፈርድም» አለ። «በዓይኔ ያየሁትን ግን ልናገር። አስተርጓሚ የሰው ሐሳብ ነው የሚያደርሰው፤ ስለዚህ ሐሳቡ እስኪመጣለት መጠበቅ አለበት። ሔዋን ጠበቀች። አሸናፊ፣ አንተ ግን ‹ገፋኋት ይላል› ስትለኝ የአሚር እጆች ገና ጭኑ ላይ ነበሩ። ገድያለሁ የሚል ሰው ፊትም እንደዚያ አይረጋም። ያላለውን ከየት አመጣኸው? ሌላ ሰው እንዲጠየቅ የሚፈልገው የገፋት ሰው ነው። አላየኋትም አልከኝ፤ አሚር ግን አይቶሃል።»

አሸናፊ ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ።

«አንድ በሽተኛ ያላለውን ለሐኪም ነገርክ ብላ ልታባርረኝ ነበር። ዋስ ሆኖ ያስመጣኝ ከፊሌም ኢቃማዬን ይሰርዘዋል። እግሯ ላይ ወድቄ ለመንኳት፤ ኸላስ፣ በቃ አለችኝ። ገፋኋት። ልገድላት አልነበረም፣ ጋሼ።»

ይመር ወደ ሔዋን ዞረ። «እስቲ ጠይቂው፤ አሸናፊ ሲያስተረጉምለት ምን ነበር ያለው?»

ሔዋን ጠየቀችው። አሚር እስኪጨርስ ጠበቀች።

«‹እንዴት እንደሞተች አልጠየቀኝም› ይላል። ‹አዘንክ ወይ ነው ያለኝ። እኔም፣ ተጣልታችሁ መለያየታችሁ አይጸጽትህ፣ እንደ ልጇ ትወድህ ነበር አልኩት።›»

አሸናፊ ፊቱን ሸፍኖ ተንሰቀሰቀ። አሸናፊ ምን እንዳመነ ገና ያልተነገረው አሚር ተነሥቶ ሄደና አጠገቡ ቁጭ አለ፤ ትከሻውን እያሻሸ ያባብለው ጀመር።