ሳትጠየቅ የተጠየቀች

እሁድ ጠዋት ሽማግሌዎች ደጃፉ ላይ ቆመው «የመጣንበትን ጉዳይ ሳንናገር አንቀመጥም» ሲሉ መቅደላዊት ከጓዳ ሰማች። በመጋረጃው ስታጮልቅ የበእውቀቱ አጎት፣ አቶ ገብረ መድህን፣ ከፊት ቆመዋል። በደስታ ልቧ ዘለለ ብላችሁ እንዳታስቡ። ደሟ ነው የፈላው። በእውቀቱን ትወደዋለች፤ እሱም ያውቃል። ታዲያ ሽማግሌ ለምኖ፣ ቀን ቆርጦ ሲልክ ለእሷ አንዲት ቃል መተንፈስ ምን ገደደው?

የተገናኙት አሰላ ባለው ወጣት ማዕከል ነው። የውዝዋዜ ቡድኗ ከበሮ መቺ ሲጠፋ ከሳጉሬ በሚኒባስ የመጣ ቀጭን ልጅ፣ በእውቀቱ፣ ተተካ። እሷ ስትወዛወዝ ዓይኑ ከእሷ ላይ አይነሳም፤ እጁ ግን ምት አይስትም። ከልምምድ በኋላ ሁለቱም የሚናገሩት ይጠፋቸውና ዝም ብለው እስከ መናኸሪያ አብረው ይሄዱ ነበር።

ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ፣ ሁለት ቦታ በውዝዋዜ ተፈትና ሁለቱም ተቀበሏት። አዳማ ያለው ዓመት የማይሞላ ሥልጠና ነው፤ ለሆቴል መድረክ ያዘጋጃል። ፈታኙ «የአርሲውን ውዝዋዜ ተይውና ፈገግ በይ» አላት። አዲስ አበባ ያለው ኮሌጅ አራት ዓመት ያስተምራል። እዚያ ያለችው መምህርት ደግሞ የአርሲን የአንገት ውዝዋዜ ስታይ አስቆመቻትና «እስቲ ድገሚው፣ እኔም ልማረው» አለቻት። መቅደላዊት ያኔውኑ መርጣ ጨረሰች።

አባቷ አቶ የኋላሸት ግን ውዝዋዜ ስትላቸው የሚሰማቸው ጭፈራ ነው። «ያላገባች ልጅ ለጭፈራ ብላ ከቤቴ አትወጣም» ብለው ነገሩን ዘጉት።

አሁን ደጃፉ ላይ አቶ ገብረ መድህን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጅዎን ለልጃችን ብለን ነው። የትምህርቷም ነገር አያሳስብዎ። አዳማ ወስዶ እሱ ያስተምራታል።»

አባቷ ለእንግዶቹ ያቀረቡትን ወንበር መልሰው ሳቡት። «ምን አሉኝ?»

«ያስተምራታል ነው ያልኩት…»

«የእኔን ልጅ? እኔ ማስተማር አቅቶኝ የሰው ልጅ ሊያስተምርልኝ ነው?»

«ኧረ እንደሱ ለማለት አይደለም፣ አቶ የኋላሸት!»

መቅደላዊት ከዚህ በላይ ጓዳ መቆየት አልቻለችም።

«አዳማን ማን መረጠው?» አለች ብቅ ብላ። ሽማግሌዎቹ ደነገጡ፤ በእንዲህ ያለ ቀን የልጅቷ ድምፅ አይሰማም። «እኔ የመረጥኩት አዲስ አበባን ነው። ግን ማን ጠየቀኝ? እርስዎም እኮ አልጠየቁኝም፣ አባባ!»

አባቷ አፈጠጡባት። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

«ሰማችሁ? አዲስ አበባ ነው ያለችው። የማስተምራትም እኔ ነኝ! ደህና ዋሉ።»

የፈለገችውን አገኘች፤ ግን ይባስ ተናደደች። ፈቃዱ የተሰጠው የእሷ ነገር ታስቦ ሳይሆን የአባቷ ክብር ስለተነካ ነዋ! ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ወጣት ማዕከሉ ገሰገሰች።

በእውቀቱ ብቻውን ተቀምጦ ከበሮ ይወጥራል። ፊቷን ሲያይ ብድግ አለ።

«እምቢ አሉ?»

«እኔስ እሺ ብዬ ነበር?»

«መቅዲ፣ ካላገባች አትሄድም ስላሉ እኮ ነው። መላ መፍጠሬ ነበር። አዳማ ደግሞ ቅርብ ነው።»

«ለማን ነው ቅርብ?»

ከበሮውን ወደ ጎን አስቀመጠው።

«አባባ ስወዛወዝ አይተውኝ አያውቁም፤ አልፈርድባቸውም። አንተ ግን በየቀኑ እያየኸኝ! የሆቴል መድረክ ነው ለእኔ የታየህ?»



«አዲስ አበባ ከሄድሽ አትመለሺልኝም ብዬ ፈራሁ» አለ በእውቀቱ።

«እና ብትፈራ ፈራሁ በለኝ! ሽማግሌ ይላክብኛል?»

«አጥፍቻለሁ።» ቀና ብሎ አያት። «አሁን ብጠይቅሽስ? ምንድን ነው የምትፈልጊው?»

መልሱን ስንት ጊዜ ለራሷ ተለማምዳው ነበር። ግን እስካሁን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

«አዲስ አበባን እፈልጋለሁ። አንተንም እፈልጋለሁ። ቅደም ተከተሉን ግን እንዳታዛባው።»

«አላዛባም» አለ በእውቀቱ።

ንዴቷ ገና አልበረደም ነበር። ቢሆንም እጁን ያዘችው።